የአንድ ጣት ሰላምታ

እንግሊዝ ከማያውቀው ሰው ጋር ላለመነጋገር ያልዘየደው ዘዴ የለም። ባቡር ውስጥ ጋዜጣ ዘርግቶ ይከለልበታል፤ ጋዜጣው በቀረበት ዘመን ስልኩ ላይ ያቀረቅራል፤ ስልኩ ባትሪ ሲጨርስ ደግሞ ዋሻ ውስጥም ቢሆን በመስኮት ወደ ውጭ በጥሞና ይመለከታል። አጠገቡ የተቀመጠ ሰው «እንደምን አደርክ» ቢለው ወይ ሰክሯል ወይ ገንዘብ ሊለምነኝ ነው ብሎ ይጠረጥራል። ይህ ሁሉ ግን ከተማ ላይ ነው። ያንኑ ሰውዬ ከባዝ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ሁለት መኪና የማያሳልፍ የገጠር መንገድ ላይ፣ በብስክሌት ታገኙታላችሁ። ካገኘው ሰው ሁሉ ጋር፣ ውሻና ፈረስ ሳይቀር፣ ሰላምታ ሲለዋወጥ ይውላል።

ጠባዩ የተለወጠ እንዳይመስላችሁ። መንገዱ ስለጠበበበት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ግድ ይላል። ከባትኢስተን ወደ ኮለርን፣ ከኮለርን ወደ ካስል ኩም ውስጥ ውስጡን ከሚሄዱት መንገዶች ብዙዎቹ ቢሰፉ 3 ሜትር ነው። መኪና ከነመስታወቱ 2 ሜትር ይወስዳል። ብስክሌተኛ ከነትከሻው ግማሽ ሜትር ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2022 የተሻሻለው የመንገድ ሥነ ሥርዓት መጽሐፍ ደግሞ መኪና ብስክሌተኛን ሲቀድም ቢያንስ 1.5 ሜትር ይራቅ ይላል። ደምሩት፤ 4 ሜትር ነው። ትርፉ አንድ ሜትር ከየት ይምጣ? ግራና ቀኙ ጥቅጥቅ ያለ የእሾህ አጥር ነው። አንዳንድ ቦታ ላይ መንገዱ ራሱ ለዘመናት በጋሪ ጎማና በከብት ኮቴ ተፍቆ፣ በዝናብ ታጥቦ ከእርሻው በታች ሰምጧል፤ ብስክሌት ላይ እንደተቀመጣችሁ የዛፍ ሥር በትከሻችሁ ትክክል ታያላችሁ። እንዲህ ያለው መንገድ መግቢያ ላይ የቆመው ምልክት ነጭ ክብ ላይ የተሰመረ ጥቁር ሰያፍ መስመር ነው። በሰዓት እስከ 60 ማይል፣ ማለትም ወደ 97 ኪሎ ሜትር፣ መንዳት ይቻላል ማለት ነው። ሕጉ ፈቅዷል፤ አጥሩ ግን አልሰማም።

ስለዚህ የጎደለው ሜትር የሚሟላው በይሉኝታ ነው። ከብስክሌት ጓደኞቼ ጋር በቡድን ስንሄድ ከሁሉም ኋላ ያለው ሰው የሞተር ድምፅ ሲሰማ «መኪና ከኋላ!» ብሎ ይጮኻል፤ ፊቱ ያለው ተቀብሎ ወደ ፊት ያስተላልፋል፤ ወሬው መሪው ጋ እስኪደርስ አንድም ሰው ዞር ብሎ አያይም። ከዚያ የእርሻ በር እስኪገኝ መኪናው ሳያጉረመርም ከኋላ ይከተላል። በሩ ሲገኝ ጠጋ እንላለን። ሹፌሩ ሲያልፍ እጁን አንሥቶ ያመሰግናል። እኛም ስላመሰገነ እናመሰግነዋለን። እሱም ይህን በመስታወት አይቶ ዳግመኛ እጁን ያነሣል። ሁለት መኪና ፊት ለፊት ሲገናኝማ ጉድ ነው፤ እኛ አገር በር ላይ «ቅደም»፣ «ኧረ በእኔ ሞት አንተ ቅደም» እንደሚባባሉት ሰዎች ሁለቱም ወደ ኋላ መሄድ ይጀምሩና ተራርቀው ይቀራሉ።

የሰላምታው ዓይነት እንደ ሰውዬው ይለያያል። ውሻ ይዞ የሚንሸራሸር ሰው አፉን ከፍቶ «ደህና አደራችሁ» ይላል፤ የአየሩን ነገርም አክሎበት። ብስክሌተኛ ለብስክሌተኛ አገጩን ትንሽ ዝቅ ያደርጋል። ከሁሉም የሚከበረው ግን ትራክተር ላይ ያለው ገበሬ ነው። እሱ ከመሪው ላይ ጠቋሚ ጣቱን ብቻ ያነሣል፤ ሌሎቹ አራቱ ጣቶች ሥራቸውን አይለቁም፤ ፊቱም አይንቀሳቀስም። ያችን ጣት ያገኘ ሰው ቀኑ ተባርኮለታል። የትኛው ጣት እንደሆነ ማጣራት ግን አይከፋም፤ ከተማ ውስጥ ለብስክሌተኛ የሚነሣው ሌላ ነው።

የእኛ ሰላምታ ለዚህ ሥራ አይሆንም። «እንደምን ከረሙ፣ ደህና ነዎት፣ ቤተሰብ ደህና፣ ልጆች ደህና፣ ብርዱስ እንዴት ይዞዎታል» እየተባለ እጅ ለእጅ ተያይዞ የሚደረግ ነገር ነው። ቁልቁለት ላይ የሚወርድ ሰው «ጤና» ሲል ተገናኝቶ «ይስጥልኝ» ሲል ሌላ መንደር ይገባል። አንድ ሁለት ጊዜ ልሞክረው ብዬ ሰዎቹ የተጎዳሁ መስሏቸው ቆመው ጠበቁኝ።

ጎማ ሲተነፍስማ የሰላምታው ዶፍ ነው። ገበሬው አጥሩን ከመጋቢት እስከ ነሐሴ መጨረሻ እንዳይቆርጥ ይከለከላል፤ ወፎች ጎጆ የሚሠሩበት ጊዜ ስለሆነ። መስከረም ሲገባ ግን በትራክተር በሚጎተት መቁረጫ ይከረክመዋል፤ እሾሁም አስፋልቱ ላይ ይነጠፋል። የፈረንጅ መስከረም ለወፎች የነፃነት፣ ለካላማዳሪ የመከራ ወር ነው። መንገድ ዳር ተቀምጣችሁ ከጎማው ውስጥ እሾህ ስትለቅሙ የሚያልፈው ብስክሌተኛ ሁሉ ፍጥነቱን ቀንሶ «የሚያስፈልግህ ሁሉ አለህ?» ይላችኋል። የሚጠበቀው መልስ «አለኝ፣ አመሰግናለሁ» ነው። ማጣበቂያው ደርቆ፣ ፓምፑ ተሰብሮም መልሱ ይኸው ነው። የሌለው ሰው በጣም ቀስ ብሎ «አለኝ» ይላል፤ ያኔ ጠያቂው ገብቶት ይወርዳል።

ስለ ፈረስ ካልነገርኳችሁ ነገሩ ጎደሎ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ፈረስና ፈረሰኛ ማግኘት የዘወትር ነገር ነው። መኪና በአጠገባቸው ሲያልፍ በሰዓት ከ10 ማይል በታች ሆኖ፣ 2 ሜትር ርቆ እንዲሄድ ይመከራል። ብስክሌት ግን ከመኪና የባሰ ጣጣ አለው፤ ድምፅ የለውም። ፈረሱ ከኋላው ዝም ብሎ የሚቀርበውን ነገር ሊበላው የመጣ አውሬ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ ከሩቅ ጀምሮ ድምፅ ማሰማት ይገባል፤ ያውም ደወል ሳይሆን የሰው ድምፅ። አንዲት ሴትዮ ደረቷን ነፍታ በአንድ ትልቅ ቡላ ፈረስ ላይ ተቀምጣ ስትሄድ ከኋላ ደረስኩባት። ዞር ሳትል «አናግረው» አለችኝ።

«ምን ልበለው?»

«የፈለግከውን። ሰው መሆንህን ይወቅ።»

ከዚያ ወዲያ ያለኝ አማራጭ የአፍ መፍቻዬ ብቻ ነበር። «አይዞህ ጌታዬ፣ ሰው ነኝ፣ ላልፍ ነው» አልኩት በአማርኛ። አንደኛው ጆሮው ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ፤ ሌላው ወደ ፊት እንደቀና ቀረ። በጆሮው ሲከተለኝ አልፌው ሄድኩ። በእኛ አገር ጌታው በፈረሱ ስም ይጠራል፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ነበሩ። እዚህ አገር ፈረሱ ከማንም ቀድሞ ሰላምታ ይቀበላል። የትኛው ይበልጣል የሚለውን ለፈረሶቹ ትቼዋለሁ።

ወደ ዳገቱ እንምጣ። የዚህ አካባቢ ኮረብታዎች ስማቸው ኮትስወልድስ ነው፤ ከሁሉም የሚረዝመው ክሊቭ ሂል 330 ሜትር ብቻ ነው። እናቴ ባሕር ዳር ላይ፣ ሜዳ ነው በሚባለው ከተማ፣ ቡናዋን የምታፈላው ከዚህ አምስት እጥፍ በሚበልጥ ከፍታ ላይ ሆና ነው። በከፍታ ከተመዘነ እንግሊዝ ተራራ አላት ለማለት አንደበት ይከብዳል። ነገር ግን የመንገዱ አወጣጥ ሌላ ነው። ጣሊያን ጣርማበርን ሲወጣ መንገዱን እያጠማዘዘ፣ ሲያቅተውም ተራራውን በስቶ ነው፤ መሐንዲሱ ለጭነት መኪናው አዝኖለታል። የእንግሊዝን የገጠር መንገድ ያወጡት ግን ባለጋሪና የጋማ ከብት ነጂ ናቸው፤ ኮረብታው ፊታቸው ሲቆም ቀጥ ብለው ወጡበት። ከባዝ ወጥቶ በባነርዳውን በኩል የሚያልፈው ፎስ ዌይ የሚባለው መንገድ ደግሞ የሮማውያን ሥራ ነው፤ እነሱ ከመነሻውም መታጠፍ የሚባል ነገር አይወዱም። ስለዚህ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲወጣና ሲወርድ ውሎ ማታ ላይ ጠዋት በነበረበት ከፍታ ላይ ይገኛል። ወጣሁ የሚለው ተራራ የለው፣ ጉልበቱም የለው።

ካርታው ይህን ሁሉ አስቀድሞ ይናገራል። ኦርድናንስ ሰርቬይ የተባለው፣ በ1791 የተመሠረተው የአገሪቱ የካርታ ሥራ ድርጅት ዳገትን በትንንሽ ቀስቶች ያሳያል። አንድ ቀስት ከ14 እስከ 20 በመቶ ነው፤ ሁለት ቀስት ከዚያ በላይ። በአንድ ቀስት ወሬ ይቆማል። በሁለት ቀስት ጣቴ የመጨረሻውን ማርሽ ካስገባ በኋላ አሁንም ሌላ ይፈልጋል፤ መቀየሪያውን ይጫናል፤ ቀጭ የሚል ነገር የለም።

የቡድናችን አንድ ሽማግሌ ግን በሁለት ቀስትም ያወራሉ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ብስክሌታቸው ብረት ነው፤ ፓራፋንጎው ላይ የኋለኛውን ሰው ጭቃ እንዳይነካ ከፕላስቲክ ጠርሙስ የቆረጡትን ልጣጭ አሥረውበታል። በስማቸው ብቻ እንድጠራቸው ደጋግመው ነግረውኛል። አፌ እሺ አይልም። በእንግሊዝኛ ስማቸውን ብጠራም በሆዴ «ጋሼ» እላቸዋለሁ። ጋሼ ዳገቱን እየወጡ ስለ ቲማቲማቸው በሽታ ይነግሩኛል፤ እኔ የምመልሰው «እህ» ብቻ ነው። አንዳንዴ ይቆሙና፣ እየነዱ ማለቴ ነው፣ ወደ ኋላ ዞር ብለው «አንተ ግን ኢትዮጵያዊ አይደለህም እንዴ?» ይሉኛል።

ባዝ ላይ ኢትዮጵያዊ ነኝ ያለ ሰው ሁለት ነገር ይነሣበታል፤ ጃንሆይና ሩጫ። የጃንሆይን ነገር ሰዉ ያውቀዋል፤ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የተቀመጡበት ፌርፊልድ ሃውስ ከተማው ውስጥ አለ፤ በኋላም ለአረጋውያን ይሁን ብለው በ1958 ለከተማው ሰጥተውታል። ይህኛው ወሬ ያስከብራል። ሩጫው ነው ጣጣው። ኃይሌን አይተዋል፣ ቀነኒሳን አይተዋል፣ ከዚያ እኔን ያያሉ። «ለምን አትሮጥም?» ሲሉኝ በ1956 ሜልቦርን ኦሊምፒክ ላይ በብስክሌት ስለተወዳደረው ስለ ገረመው ደንቦባ እነግራቸዋለሁ፤ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን በመጋለብ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ስለሆነው ስለ ጽጋቡ ግርማይም አክላለሁ። በአክብሮት ያዳምጡኝና መልሰው የእኔን እግር ያያሉ።

ሰላምታ ቢያበዛም፣ የእንግሊዝ ብስክሌተኛ ድምፁን ማጥፋት የሚወድበት ምክንያት አለው። መኪና ገና ሳይመጣ፣ በ1886፣ መንገድ ይጠገን ብሎ ማኅበር ያቋቋመው ብስክሌተኛው ነው። ብዙም ሳይቆይ ፈረስ አስደነበረ፣ መንገደኛ አስደነገጠ ተባለ። የውድድሩ የበላይ የሆነው የብስክሌት ማኅበር መንግሥት ጨርሶ ሳይከለክለን በማለት በ1890 ራሱ ቀድሞ የጎዳና ላይ እሽቅድምድምን ከለከለ። ተወዳዳሪ ግን መፍትሔ አያጣም። በ1895 ኤፍ. ቲ. ቢድሌክ የተባለ ሰው ሰዓት ብቻ የሚለካበት ውድድር አዘጋጀ፤ አንድ በአንድ፣ በደቂቃዎች ልዩነት እየተነሡ። ልማዱ እየሰፋ ሲሄድ ውድድሩ ጎሕ ሲቀድ ሆነ፤ ልብሱ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ጥቁር፤ ቦታው በስም ሳይሆን በምሥጢር ቁጥር የሚጠራ። ዛሬ የሚያሳድዳቸው የለም፤ ቁጥሩ ግን እስካሁን ይሠራበታል። በ1942፣ በጦርነቱ ዘመን፣ ቤንዚን በራሽን ሆኖ መንገዱ ባዶ ሲሆን፣ ፐርሲ ስታላርድ የሚባል ሰው ከላንጎለን እስከ ዎልቨርሃምተን 59 ማይል በጅምላ የሚካሄድ ውድድር አዘጋጀ። ፖሊስን አስቀድሞ አስፈቅዷል። ፖሊስ የፈቀደውን የብስክሌት ማኅበሩ ከለከለና ሰውዬውን አገደው። እንዲህ ያለ የራሱ ሰዎች ጠላት የሆኑበት ስፖርት ሌላ ቦታ አለ ብላችሁ አትድከሙ።

አሁን የጥቁሩ ልብስ ነገር ተገልብጧል። መኪና እንዲያየን ብለን ሎሚ ቀለም እንለብሳለን፤ ያውም ከሰውነት የተጣበቀ ላይክራ፣ ማንጠልጠያው በትከሻ የሚያልፍ፣ መቀመጫው ላይ ስፖንጅ የተሰፋበት። ባለቤቴ አንድ ቀን በዚህ ሁኔታ ፎቶ አነሣችኝና ሳታማክረኝ ለእናቴ ላከችላት። እማዬ ወዲያው ደወለች።

«ልጄ፣ ሱሪህስ?»

«ይኸው ነው እኮ ሱሪው፣ እማዬ።»

ለእሷ ብስክሌት አዲስ ነገር አይደለም። ባሕር ዳር ላይ መምህሩ በሙሉ ልብስና በክራባት፣ ቦርሳውን ከኋላ አሥሮ ነው ሥራ የሚገባው። የሚገርማት መድረሻው ነው። «የት ልትደርስ ነው የወጣኸው?» ስትለኝ ዞሬ ቤቴ እንደምመለስ ነገርኳት። «ታዲያ ለምን ወጣህ?» አለችኝ። መልስ ስፈልግ ካርዴ አለቀ ብላ ዘጋችው፤ የደወለችው በኢሞ ነበር።

ቡድኑ ለምን እንደሚወጣ ግን የታወቀ ነው። ለኬክ ነው የሚወጣው። መንገዱ የሚመረጠው ካፌውን መካከሉ ላይ አድርጎ ነው፤ ዳገቱ ከኬኩ በፊት እንጂ በኋላ እንዲሆን አይፈለግም። ችግሩ የዐቢይ ጾም ሰሞን ነው። የቡናና የዋልነት ኬክ እንቁላል አለው። ስኮን ቅቤ አለው። ከአጃ የሚሠራው ፍላፕጃክ ጾም ይመስላል፤ ግማሹ ቅቤ ነው። ዱሮ ኦርቶዶክሱ ሻዩን ብቻ ይዞ ይቀመጥ ነበር። ዛሬ ቪጋን የሚባሉት ወንድሞቻችን ተነሥተው ካፌው ሁሉ የጾም ኬክ እንዲያዘጋጅ አድርገዋል። እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ ለምን እንደሚጾሙ ባያውቁትም ጾሙን አስፋፍተውልናል። እሱም ከሌለ የማይቀር ነገር አለ፤ ቶስት ላይ የፈሰሰ የቲማቲም ስጎ ያለው ቦሎቄ። «ያለ ቅቤ» ማለት ብቻ ነው። ከእኛ ከስምጥ ሸለቆ፣ ከመቂና ከዝዋይ አካባቢ፣ ነጭ ቦሎቄ ለአውሮፓ የቆርቆሮ ፋብሪካዎች ይላካል። እኔም ሰሃኑ ሲቀርብልኝ የአገሬ ልጅ ይኑርበት አይኑርበት ብዬ ትንሽ አየዋለሁ፤ ከዚያ እበላዋለሁ።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ የሚመጣው ደግሞ እንቁላል ነው። በዚህ መንገድ ላይ ብዙ የእርሻ በር አጠገብ ትንሽ የእንጨት ሳጥን ትታያለች። ካርቶን ላይ በስክሪብቶ «እንቁላል» ተብሎ ተጽፎባታል፤ ቀለሙ በዝናብ ወርዷል። ውስጧ ግማሽ ደርዘን የሚይዙ የእንቁላል ካርቶኖች ተደርድረዋል። አጠገባቸው ክዳኑ ላይ ቀዳዳ የተበጀለት የሻይ ቆርቆሮ በሽቦ ታሥሯል። ሻጭ የለም፣ ጠባቂ የለም፣ ካሜራ የለም። ሳንቲሙን ትጨምራላችሁ፤ ቆርቆሮው ቅጭል ይላል፤ እንቁላላችሁን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።

ክፋቱ የብስክሌት ልብስ ኪስ ያለው ጀርባ ላይ ነው፤ የእንቁላል ካርቶን ደግሞ አይገባበትም። ስድስቱን አወጣኋቸውና ሦስቱን በዝናብ ልብሴ፣ ሦስቱን በካልሲና በጓንት ጠቅልዬ በሦስቱ ኪስ አከፋፈልኳቸው። ጋሼ ሥራውን በትዕግሥት ሲመለከቱ ቆይተው «እኔ ባዶውን ካርቶን እይዝልሃለሁ» አሉኝ። ቁልቁለቱን ፍሬን ሳልለቅ፣ ጉድጓድ ባየሁ ቁጥር ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ወረድኩ። ዳገት ላይ ጠብቀውኝ ያውቃሉ፤ ቁልቁለት ላይ ሲጠብቁኝ ግን የመጀመሪያቸው ነው። አንዱ ብቻ ተሰነጠቀ፤ እሱም ከካልሲው አልወጣም።

ማታ እማዬ ደወለች።

«የት ነበርክ ቀኑን ሙሉ? ብደውል ብደውል አታነሣም።»

ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ ነበረኝ። «እንቁላል ልገዛ ወጥቼ ነው።»

«እሰይ የእኔ ልጅ። ከሱቅ ነው?»

«ከገጠር፣ ከገበሬ ደጃፍ።»

«አላስወደደብህም?»

«ማንም አልነበረም እኮ እማዬ።»

«እንግዲያ ለማን ከፈልክ?»

«ለቆርቆሮው። ቀዳዳ አለው፣ ገንዘቡን እሱ ውስጥ ትጨምሪያለሽ።»

«የሚያይህ ሰው እንኳ የለም?»

«የለም። አጥሩ ላይ አንገቱን ያወጣ ፈረስ ብቻ ነበር። እሱን ሰላም ብዬ ሄድኩ።»

«ፈረሱን?»

«እዚህ ሥርዓቱ ነው፣ እማዬ።»

«እስቲ» አለች እማዬ፣ «ስልኩን ለሚስትህ ስጣት።»